እማዬ ማሽኑን የረታችበት ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ናፍቆቴ ከደብዳቤዬ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ አንተስ እንዴት ከርመሃል?

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ስንለፋበት የከረምነው ማሽን በመጨረሻ ተሠርቶ አለቀ! ፀጉር የምታህል ሽቦ ቆዳ ላይ ትለጠፍና በትንሽ ኤሌክትሪክ ሕመም የሚናገሩትን ነርቮች ብቻ ትቀሰቅሳለች፤ የመዳሰሱን አትነካም። ደንባችን ራሱ ያልቀመሰ ለሌላ አያቀምስም ነውና እጄ ላይ ስሞክረው እንደ ጉንዳን ቆነጠጠኝ። አለቃዬማ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ እግሩ ላይ ሲበራ ከነወንበሩ ተነሣ!

እማዬም "እኔስ ከማን አንሼ!" ብላ መጣች። እጇ ላይ ሳበራው "ኧረ ይቺ ተናካሽ!" ብላ በጥፊ ልትለኝ ምንም አልቀራት። ከዚያ እግሯ ላይ አደረግነው። እሷ ሻይዋን ፉት እያለች ስለ ጎረቤት ድመት ታወራለች፤ እኔ ኃይሉን ከፍ አደርጋለሁ። በመጨረሻ "ምነው ልጄ፣ አትጀምሪም እንዴ?" አለችኝ። አለቃዬ "ጀግና!" ብሎ አጨበጨበላት፤ ሁሉም ሳቀ። ሽቦው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የራሴ እግር ላይ ብሞክረው እንባዬን አመጣው።

ሌላ ወሬ የለም። ለስላሳ ሽፍን ጫማ ገዛሁላት። ማታ ማታ እግሯን እኔ አጥባታለሁ፤ ውሃውን ቀድሜ በክርኔ ስለካ "ሕፃን አደረግሽኝ" እያለች ትስቃለች። ለሰኞም ስኳሯን እንዲያይላት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ እንዲያው ለወጉ። ፈቃድ ካገኘህ ዘንድሮ ብቅ ብትል ደስ ይላታል።

ሰላምና ጤና ካንተ አይለዩ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ "እግሬን ምንም አያመኝም በይው" ትለኛለች። ይኸው፣ እንዳለችው ጽፌልሃለሁ።

ታናሽ እህትህ