ያልተወጋው ቅቤ፦ የወይዘሮ ወርቅቱ ኢዶሳ የሕይወት ታሪክ (1954–2018 ዓ.ም.)

ይሉኝታ ሐቅን አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ካሰኘ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በዝምተኛው ላይ ብቻ ሳይሆን እርሱን ባመኑት ሁሉ ላይ ነው። የወይዘሮ ወርቅቱ ኢዶሳ ሕይወት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በአስከሬናቸው ፊት ሳይሸፋፈን እንዲነበብ አደራ ብለዋልና እንደ ቃላቸው ተጽፏል።

ወይዘሮ ወርቅቱ ከአባታቸው ከአቶ ኢዶሳ ጉርሜሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስቱ ዋቅጅራ በሚያዝያ ወር 1954 ዓ.ም. በሁሩታ ከተማ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በአሰላ አጠናቀቁ። በ1974 ዓ.ም. በእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ወደ ዲክሲስ ተመደቡ፤ የገጠር ሴቶችንም የወተት አያያዝ ያስተምሩ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ከመምህር ቶላ በዳዳ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ፈናንንና ኢብሳን አፈሩ።

በዲክሲስ ሳሉ አንድ ነገር ዕረፍት ይነሣቸው ነበር። ሴቶቹ ቅቤያቸውን ተሸክመው ገና ገበያ ሳይደርሱ፣ ደላሎች መንገድ ላይ ጠብቀው ከጀርባቸው ይነጥቁና የፈቀዱትን ዋጋ ይቆርጡላቸዋል። ስለዚህ በ1998 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው በአሰላ ገበያ ዳር «ሐቅ» የተባለውን የቅቤና የማር ሱቅ ከፈቱ። ይህን ስም የመረጡት ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አንድ ቃል ስለ ሆነ ነው።

የሱቁ ሥርዐት ጥብቅ ነበር። ሚዛኑ ፊቱን ወደ ሻጭዋ ያዞራል። የተገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ ሁሉም በሚያየው በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። እያንዳንዱ ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የናጠችው ሴት ስም ይታሰርበታል። አስቀድሞ ግን ባለቤቲቱ እያየች በረጅም ወስፌ እስከ መሐሉ ይወጋል፤ ወስፌው ይዞት የወጣውም ይሸተታል፣ ይቀመሳል። ወይዘሮ ወርቅቱ የገዛ እኅታቸውን ቅቤ ሳይቀር ወግተዋል።

በ2012 ዓ.ም. መምህር ቶላ ዐረፉ። የመምህሩ ታናሽ ወንድም አቶ ሌሊሳ በዳዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የሬሳውን ሣጥን ከፊት ሆነው ተሸከሙ። ከቀብሩ በኋላም ባልቴቲቱን ለመርዳት በሚል ቅቤውን ከዲክሲስ እየሰበሰቡ ማምጣት ጀመሩ። እርሳቸው ሲመጡ ወስፌው ከመስቀያው አልወረደም፤ የባላቸውን ሬሳ የተሸከመ ትከሻ መጠራጠር ለወይዘሮ ወርቅቱ ነውር መስሎ ታያቸው። ቅቤያቸውን ራሳቸው ከሚያመጡት የዲክሲስ ሴቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ሀሊሜ ቱሴ፣ ይህን አይተው ሰው በተሰበሰበበት፣ «አዴ፣ የእኛን ቅቤ ሆዱን ይወጉታል፤ የዋርሳዎን ግን ስመው ያስገቡታል። ወስፌዎ ዘመድ ያውቃል እንዴ?» ሲሉ ቀለዱባቸው። ሁሉም ሳቀ። ወይዘሮ ወርቅቱም ሳቁ፤ ወስፌውን ግን አላነሡም።

በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ገበያ አቶ ሌሊሳ ያስገቡት ቅቤ ላዩ ቅቤ፣ መሐሉ ሙዝና የሚረጋ ዘይት ሆኖ ተገኘ። ክፋቱም በዚህ አላበቃም፤ የዲክሲስን ሴቶች ስም አስረውበት ነበር። ወይዘሮ ሀሊሜ ባልናጡት ቅቤ ታሰሩ። ሱቁ ታሸገ። «የዲክሲስ ቅቤ» ማለትም በአሰላ ገበያ ስድብ ሆነ።

ሽማግሌዎች የመምህር ቶላ ቤት እንዳይዋረድ፣ ነገሩ በዘመድ እንዲያልቅ ለመኗቸው። ወይዘሮ ወርቅቱ ግን፣ «አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ሀሊሜን አሳሰርሁ፤ አሁን ደግሞ ዝም ብል ማንን ላሳስር ነው?» ብለው ቅቤውን ያመጡት አቶ ሌሊሳ መሆናቸውን በፍርድ ቤት መሰከሩ። ወይዘሮ ሀሊሜ ተፈቱ። የባላቸው ወገን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃቸውን አልረገጠም።

የተረፈው ዕድሜያቸው ልመና ነበር። ሱቁን ዳግመኛ ቢከፍቱት ገዢ አልመጣም፤ ወስፌውን ይዘው ደጅ ቆመው አላፊውን ሁሉ «ግቡ፣ ራሳችሁ ውጉት» እያሉ ይለምኑ ነበር። የሚገባ አልነበረም። ሴቶቹም እንደ ቀድሞው በደላሎች መነጠቅ ጀመሩ። ወይዘሮ ወርቅቱ ዲክሲስ ድረስ ሄደው በየደጁ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ወይዘሮ ሀሊሜ ከበራቸው ተቀብለው፣ «አዴ፣ እኔስ ይቅር ብያለሁ። ገበያው ግን እኔን ይቅር አላለኝም» አሏቸው። ሱቁም ተዘጋ።

በ2017 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸናባቸው። ልጆቻቸው በቀብራቸው ዕለት ንጽሕናቸው እንዲነገርላቸው ይሹ እንደ ሆነ ቢጠይቋቸው፣ «የእኔን ተዉት፤ እኔ አውቄ ዐይኔን ጨፍኛለሁ። የዲክሲስ ሴቶች ቅቤ ግን ንጹሕ ነበር፤ እሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ» አሉ። ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ወይዘሮ ወርቅቱ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

እነሆ፣ ጮክ ተብሎ ተነበበ፦ የዲክሲስ ሴቶች ቅቤ ንጹሕ ነበር፤ ዛሬም ንጹሕ ነው።

ልብን እስከ መሐሉ የሚያይ ጌታ ነፍሳቸውን በሚዛኑ ሳይሆን በምሕረቱ ይቀበልልን።

አቶ ሌሊሳ በዳዳ ከቤተ ክርስቲያን ሽምግልና ተሽረው፣ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶባቸው በማረሚያ ቤት ይገኛሉ። የወንድማቸውን ሚስት አስከሬን ዛሬ ከሚሸከሙት መካከል የሉም። በእርሳቸው ቦታ ከፊት የቆመው የወይዘሮ ሀሊሜ ልጅ ከዲሮ ነው።