ጉድጓድ እየፈሩ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆፈሩት እናታችን

እናታችን ከውኃ ጉድጓድ ቆፋሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በኅዳር ወር ተወለዱ። በር ሲንኳኳ እንኳ ስለሚዘሉ ሰፈሩ «ደንባሪት» ይላቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ጉድጓድ ተደርምሶ አባታቸውን እስከ ደረታቸው ሲቀብራቸው አፋፉ ላይ ቆመው አይተዋል። አባትየው ተረፉ። እናታችን ግን ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ባለበት መንገድ አያልፉም ነበር።

ከፍተኛ ትምህርታቸውን በታሪክ ሲከታተሉ፣ መምህራቸው የጥንት ሸክላ ሠሪ የጣት አሻራ ያረፈበት ገል አስጨበጧቸው። አውራ ጣታቸውን ቢያሳርፉበት ልክክ አለ። ከዚያ በኋላ ከአርኪዮሎጂ ቁፋሮ በቀር ሌላ ሥራ ዓይናቸው አልገባም። አባታቸው ይህን ሲሰሙ «ደንባራ በቅሎ፣ ቃጭል ተጨምሮላት» ብለው ሳቁ።

ከተመረቁ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር መሸጫ ሱቅ ውስጥ እየሠሩ የሙዚየሙንም የምርምር ቢሮውንም በር አንኳኩ። ሁሉም ስንት የቁፋሮ ወቅት እንደሠሩ ይጠይቃል፤ ለመቆፈር ልምድ ይፈለጋል፣ ልምዱ ደግሞ ያለ ቁፋሮ አይገኝም። በመጨረሻ ቅጹ ላይ «ሁለት ወቅት» ብለው በውሸት ጻፉ፤ ተቀጠሩም።

ፍርሃታቸው ያን ጊዜ እጥፍ ሆነ። ብሩሽና የግንበኛ ማንኪያ አያያዝ ከሌሎች እጅ እየሰረቁ ሰባት ቀን አለፉ። በስምንተኛው ቀን ከአራት ሠራተኞች ጋር ከሰው ቁመት በሚበልጥ ጉድጓድ ውስጥ ሳሉ፣ ንፋስ በሌለበት ከግድግዳው ደቃቅ አፈር እንደ ዱቄት ሲንጠባጠብ አዩ። አባታቸው ያስጠነቀቋቸው ምልክት ነበር። ቢናገሩ ውሸታቸው ሊወጣ ነው፤ ዝም ቢሉ ደግሞ የሰው ነፍስ አለ። መሰላሉን ወጥተው የቁፋሮው አለቃ ፊት ቆሙ።

«አለቃ፣ ሰዎቹን ያስወጡልኝ። ግድግዳው ሊናድ ነው።»

አለቃው ይህን የት ቁፋሮ ላይ እንዳዩት ጠየቋቸው።

«የትም። ቆፍሬ አላውቅም፤ የጻፍኩት ውሸት ነው። የጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ ነኝ።»

አለቃው ፊሽካቸውን ነፉ። የመጨረሻው ሠራተኛ መሰላሉን ወጥቶ አቧራውን ሳያራግፍ ግድግዳው ተናደ።

በዚያው ቀን ከቆፋሪነት ተሰረዙ። በማግስቱ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲሄዱ አለቃው የአፈር መንፊያ ወንፊት አስያዟቸው። «ውሸትሽን አልረሳውም፤ ግን የሚፈራ ሰው ያስፈልገኛል» አሏቸው። ከወንፊት ተነሥተው የቁፋሮ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሱ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ሳይዳስሱ ማንንም አላስወረዱም፤ እሳቸውም ላብ ሳያጠምቃቸው የወረዱበት ቀን አልነበረም። በየወቅቱም ልምድ በሚለው ቦታ «የለኝም» ብለው ለጻፉ ሁለት ጀማሪዎች ሥራ ያስቀምጡ ነበር።

ከካርታ ነዳፊው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው እኛን ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በሳንባ ሕመም አሥራ አራት ወር ሲታከሙ ፍርሃታቸውን አልደበቁንም። «ፈርቻለሁ፤ ዝም ብላችሁ አታባብሉኝ፣ አጠገቤ ተቀመጡ» አሉን፤ ተቀመጥን። ሐሙስ ጥር 14 ቀን ማለዳ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ፍርሃት ከማይደርስበት ያኑርልን፤ እኛንም ያበርታን።