የሦስት ወር ታላቄ

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? የካይሮ ሙቀት ሻል አድርጎልሻል ወይስ አሁንም ደረጃው ያስመርርሻል? ወንድሜ ሐሙድና ሚስቱ፣ እነዚያ ቤት አፍራሽ ልጆቻቸውስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ባለቤቴን ቃሲምን ፋብሪካው ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን አዛውሮት ሰው መስሏል። ትንሿ ልጄ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ናት። ቁርጥ አንቺን! ማን ይከራከረኛል?

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትይኝ ይሆናል። ወላሂ በስልክ ምን ይወራል? ገና እንዴት አደርሽ ሳልልሽ የሐሙድ ልጆች ፊታቸውን ስክሪኑ ላይ ይለጥፋሉ፣ ሚስቱ ከጓዳ አርዋን ሰላም በይልኝ ትላለች፣ እሱ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለፎቁ ሁሉ ያሰማዋል። ይሄን ግን አንቺ ብቻ፣ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቀስ እያልሽ እንድታነቢው ፈለግሁ። ፊደሉን ያጎላሁት ለዚያ ነው። ማንበብ አብረን አይደል የተማርነው? እኔ መጽሐፌን ዘርግቼ ስቀመጥ አንቺ ሊጥ እያቦካሽ፣ እጅሽ ሊጥ ስለሆነ በክርንሽ እየጠቆምሽ፣ ይቺኛዋስ ምን ትባላለች ስትይኝ። ክርንሽ ገጹን ሁሉ ይሸፍነው ነበር፣ እኔም የቷን እንደጠየቅሽኝ ሳላውቅ አንዷን እነግርሻለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄጄ ነበር። አንቺን እኔ ወዳለሁበት አገር ለማምጣት ካመለከትኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ክፍልሽ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ ፀሐይ የሚገባባት ናት፣ ፍራሹን እንደ አገራችን መሬት ላይ አንጥፌልሻለሁ፣ መስኮቱ ላይ በሶብላ በጣሳ ተክዬልሻለሁ። ሁለቴ ደርቆብኝ ሁለቴ ተክያለሁ። ሦስተኛው ሳይደርቅ ቁርጡን ሳልሰማ አልወጣም ብዬ፣ ከምሠራበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ፊቴን አጥቁሬ ነው የሄድኩት። ታውቂኛለሽ፣ ስቆጣ።

መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ከማን አጠገብ ብቀመጥ ጥሩ ነው? ከሐጂ ሙስዒድ! እኚያ የላይኛው መንደር ሰው፣ ወፍጮ ቤት የነበራቸው። እሳቸውም ለሚስታቸውና ለአራት ልጆቻቸው አመልክተው ስድስት ዓመታቸው ነው። ችግሩ ምን እንደሆነ ሲነግሩኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እንደምታውቂው የእኛ አገር መዝጋቢ የሰው ልደት ሲጠፋበት ሁሉንም ጃንዋሪ አንድ ብሎ ነው የሚጽፈው። የሐጂ አራቱም ልጆች ጃንዋሪ አንድ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ዓመታቸውም አንድ ነው። ቃለ መጠይቅ ያደረገችላቸው ልጅ መንታ ናቸው ወይ ብትላቸው፣ ክርክሩን ለማሳጠር ብዬ አዎ አልኳት አሉኝ። ከዚያማ የሐኪም ቤቱን ወረቀት አምጡ ተባሉ። አንቺ ልጄ፣ አሉኝ፣ አንድ አዎ ብዬ ስድስት ዓመት ፈረዱብኝ፣ ሚስቴም በስልክ መንታ መቼ ወለድኩልህ እያለች ታበሽቀኛለች። ከቦርሳቸው ቴምር አውጥተው ሰጡኝ። ንዴቴም በረድ አለልኝ።

ቁጥሬ ተጠራ። መስኮቱ ላይ ያለችው ዳኑታ የምትባል ሸምገል ያለች ሴት ናት፤ ፀጉሯ ነጭ፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ። አላህ ይስጣት፣ እንደዚያ ዓይነት ትዕግሥት ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን ዘገየ ብዬ ስጮህ እስክጨርስ ሰማችኝና፣ እሺ የኔ እመቤት፣ አሁን አብረን እንየው አለችኝ። ፋይሉን ከፈተች። እናትና ልጅነትን የሚያረጋግጠው የእኔ የምራቅ ምርመራ ከገባ ቆይቷል። ያ ጉንጬን በጥጥ የጠረጉኝ፣ ለሁሉም ሰው የሚያደርጉት መስሎኝ የነበረው። የቀረው የአንቺ ነው። ካይሮ ያለው ሐኪም ቤት ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶሽ ሦስቱንም አልቀረብሽም አለችኝ።

ደሜ ፈላ እማዬ። አንዴ ጉልበቴ፣ አንዴ እንግዳ፣ አንዴ ብርድ መታኝ ስትይኝ ትዝ አለኝ። ሄድሽ ወይ ብዬ በጠየቅሁሽ ቁጥር ኢንሻአላህ ነበር መልስሽ። እኔ ሞኟ አዎ ማለትሽ መስሎኝ! አንዴም ሄጃለሁ አላልሽኝም፤ አሁን ሳስበው አንዴም አልዋሸሽኝም።

ለምን ምርመራ አስፈለገ ብዬ ጠየቅኋት። ዳኑታ መነጽሯን አድርጋ፣ አንቺና ወንድምሽ በአንድ ቀን በአንድ ዓመት ነው የተመዘገባችሁት፣ መንታ ናችሁ እንዴ አለችኝ። የሐጂን ነገር አስታውሼ ሳቄ መጣብኝ፤ የመዝጋቢውን ነገር አስረዳኋት። እሷም ሳቀች። እሱንማ ለምደነዋል፣ ለዚያ ነው እናትሽ ራሳቸው የተወለዳችሁበትን ቀን እንዲጽፉ የጠየቅናቸው አለችና በመስታወቱ ሥር አንድ ወረቀት አሳለፈችልኝ።

የአንቺ እጅ ጽሑፍ ነበር። ያ ትልልቁ፣ መስመሩን ለቆ የሚወጣው፣ በክርንሽ የተማርሽው። «ሐሙድ፣ የአረፋ በዓል ማግስት። አርዋ፣ ከእሱ ሦስት ወር በኋላ፣ ማሽላው ሲታጨድ። ይህን ስጽፍ አላህ ያየኛል።»

ዳኑታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንዲት እናት በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ልጅ አትወልድም፣ ምርመራው የታዘዘው ስለዚህ ነው አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? እናቴ አርጅታለች፣ ቀን ተምታቶባት ነው አልኳት። አፉ በይኝ እማዬ። የዛሬ አርባ ዓመት የትኛዋ ላም በየትኛው ቀን እንደወለደች የምትነግሪ ሴት፣ ቀን ተምታቶባት ነው አልኩሽ።

አራተኛ ቀጠሮ ማስያዝ ይቻላል፤ ካልሆነም ማመልከቻውን ማንሳት ነው፤ እስቲ ተቀምጠሽ አስቢበት ብላ ወረቀቱን በእጄ ተወችልኝ። ተመልሼ ሐጂ አጠገብ ተቀመጥኩ። እዩልኝ እስቲ የእናቴን ሥራ ብዬ በምሬት ሰጠኋቸው። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ አጣጥፈው መለሱልኝና ሌላ ቴምር ሰጡኝ። እናትሽ እውነተኛ ሰው ናት፣ አላህ ያቆይልሽ አሉኝ። ደግሞም፣ በእኛ ዘንድ ስንት ዓይነት እናት አለች፣ እዚህ ፎርም ላይ ግን ለእናት የሰጧት አንድ መስመር ብቻ ነው አሉ። ወዲያው ስለ ልጆቻቸው መንታነት ማውራት ጀመሩ፤ እኔ ግን መስማት አቆምኩ።

አክስቴ ተቂያ ትዝ አለችኝ። አክስቴ የምላት፣ ጎረቤታችን የነበረችው የአባቴ ወንድም ሚስት፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት ማሽላ በሚታጨድበት ወር በወባ ሞተች ያልሽኝ። በየዒዱ መቃብሯ ድረስ እኔን ብቻ ይዘሽኝ ትሄጂ ነበር። ሐሙድ ከልጆች ጋር ሲጫወት እኔ ውሃ ተሸክሜ ዳገት ስወጣ ስንት ጊዜ አኩርፌብሻለሁ! መቃብሩ ጋ ስንደርስ ወደ ፊት ገፋ አድርገሽኝ፣ አንቺ ነሽ ቀድመሽ የምታፈሽው ትይኛለሽ። ለምን እኔ ስልሽ ውሃ ካንቺ እጅ ደስ ይላታል ነበር መልስሽ። ፋቲሓውንም እኔ ነበርኩ የማነበው።

ሐሙድም ትዝ አለኝ፤ ማጠሩን እያመካኘ ሲቀልድብኝ። እኔ የቀጨጭኩት አርዋ የእኔን ድርሻ ጠብታ ስለጨረሰችብኝ ነው ያለ ቀን፣ በማማሰያ ያገኘሽው ያን ቀን ብቻ ነው። በሕይወቴ ሐሙድን ስትመቺው ያየሁት አንዴ ነው። ያኔ ለምን እንደዚያ እንደከፋሽ አልገባኝም ነበር። ምስኪን ሐሙድ! እስከዛሬ ቀልዱ ምን እንደነበረ አያውቅም። አትንገሪው፤ ከነገርሽው ደግሞ ዕዳዬን ክፈይኝ እያለ ዕድሜ ልኩን ያሰለቸኛል።

ሌላም ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ይቺ ልጅ ያንቺ ናት ወይ ሲልሽ፣ ሌሎች እናቶች የወለድኳት ናት ሲሉ አንቺ ሁልጊዜ፣ ጡቴን የጠባች ልጄ ናት ነበር የምትይው። የመንደራችን አነጋገር ይመስለኝ ነበር። አንቺ ግን ቃል መርጠሽ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቃል እየመረጥሽ፣ ሳትዋሺ፣ ሳታሳዝኚኝም።

አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ሐጂ ሙስዒድ መሐረባቸውን ሰጥተውኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩልኝ። ግን የሐዘን ልቅሶ አልነበረም፣ በአላህ። አንድ ሰው ሲሰጥሽ የኖረውን ነገር ልክ ድንገት ስታውቂው እንደሚሆነው ነው። ገና የሦስት ወር ልጅ ታቅፈሽ፣ ለአንዱ እንኳ የማይበቃ ጡት ለሁለት አካፍለሽ። ሐሙድ ሲያለቅስ እኔን፣ እኔ ሳለቅስ ሐሙድን አስቀምጠሽ። ለአንዳችን ሳታደዪ። እኔ እኮ ለእኔ ታደላ ነበር ብዬ ነው ሁሌ የምለው!

ተነስቼ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ዳኑታን፣ አራተኛ ቀጠሮ አልፈልግም፣ ማመልከቻውን አንሱልኝ አልኳት። እንደገና መክፈት ከባድ ነው፣ እርግጠኛ ነሽ ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ እናቴ መዋሸት አትችልም፣ እኔ ደግሞ ላስጨንቃት አልፈልግም አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ እማዬ። ገብቷት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ፎርሙን ስትሰጠኝ ግን እጇ እጄ ላይ ትንሽ ቆየ። ፎርሙ ላይ፣ ለምታስመጫት ሰው ምኗ ነሽ የሚል መስመር ነበረ። ልጇ ብዬ ጻፍኩ። ዳኑታም አነበበችውና ማህተሟን መታችበት።

ማታ ለቃሲም ሁሉንም ነገርኩት። ሻይ አፍልቶ ሰጠኝና፣ እናት ወደ አንቺ መምጣት ካልቻለች አንቺ ትሄጃለሻ፣ እግር የለሽም እንዴ አለኝ። አላህ ይባርከው፣ ይሄ ሰውዬ አንዳንዴ ይገርመኛል። ስለዚህ እማዬ ስሚኝ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዤ ካይሮ እመጣለሁ፣ ክረምቱን ሙሉ አንቺ ጋ ነኝ። ተጨናንቀን እንተኛለን። ከአገር ማር ካገኘሽ አስቀምጪልኝ፤ ለሐሙድ እንዳታሳዪው።

ሐኪም ቤቱ እንደገና ከደወለ፣ ልጄ ነገሩን ጨርሳዋለች በያቸው። ይሄ እውነት ነው፣ ሳትሳቀቂ ልትይው ትችያለሽ። ጉልበትሽ እውነት ታሞ ከሆነ እንኳ ከእንግዲህ አርፎ ይታመም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ኢንሻአላህ፣ አብረን ወደ አገር እንግባና ያቺን ዳገት እንውጣ። ውሃውን እኔ እሸከማለሁ፣ አላኮርፍም። እንደ ድሮው ወደ ፊት መግፋት አይጠበቅብሽም። ቀድሜ አፈስላታለሁ፤ ከዚያም ትንሽ አብሬያት እቀመጣለሁ፣ አንቺም አጠገቤ ትቀመጫለሽ፣ ስለ እሷ የምታውቂውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ። አደራዋን ስለጠበቅሽም በፊቷ አመሰግንሻለሁ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ያካፈልሽውን ሁሉ በጀነት እጥፍ አድርጎ ይክፈልሽ። ከሐሙድ በፊት እኔን፣ ከእኔ በፊት ሐሙድን ያስቀደምሽ ሆይ፣ አላህ አንቺን ያስቀድምሽ። ጉልበትሽን፣ ሁለቱን እጆችሽን፣ ያን በሊጥ የተለወሰ ክርንሽን ስሜያለሁ።

ጡትሽን የጠባች
ልጅሽ