የኮምፒውተር ክፍሉን ስለ መክፈታችን

ለተከበሩ የትምህርት ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎንስ እንዴት አድርጎዎታል? በየምረቃው ሪባን ለመቁረጥ ጎንበስ ቀና ሲሉ ስለምናይ ከልብ እናስብልዎታለን። እኔ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ። ኮምፒውተር ሳይኖረኝ ኮምፒውተር ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል።

የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ ከፍታችኋል የሚል ማስጠንቀቂያ ስለደረሰን፣ መሥሪያ ቤትዎ ለትምህርት ቤታችን ያደረገውን ድጋፍ ታሪክ በትሕትና ላስታውስዎ።

አንደኛ፦ ወጣት መምህር ሳለሁ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ የመጀመሪያዎቹን ኮምፒውተሮች አመጡልን። ጭብጨባው፣ ንግግሩ፣ ፎቶው ሁሉ ግሩም ነበር፤ ክፍሉ የኤሌክትሪክ መስመር እንደሌለው የታወቀው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። መስመሩ እስኪዘረጋ ድረስ እንዳይበላሹ ተብሎ በሩ ተቆለፈ። ስለ ጥንቃቄው እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ መብራቱ ሲገባ ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል ተባለና አዳዲስ መጡ። ርዕሰ መምህራችን ግን አንዱ ቢሰበር ተጠያቂው እርሳቸው እንደሆኑ ስለተነገራቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አላወጡትም። አልወቅሳቸውም፤ የሚያሳድጓቸው ልጆች አሏቸው።

ሦስተኛ፦ ታብሌት መጣ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ባለሙያዎ ግን ለማንም ሳይነግር በሹመት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ለሹመቱ እንኳን ደስ ያለው።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ኪቦርዱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልኩ አስተማርኩ። ልጆቹ ተራ በተራ ወጥተው ፊደሉን በጣታቸው ሲጫኑት ይጠፋል፤ እኔም መልሼ እሥላለሁ።

አራተኛውን ድጋፍ ግን ማመስገን አቃተኝ። አምና የማጠቃለያ ፈተናው በኮምፒውተር ይሰጥ አላችሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ፣ የሒሳብ መምህሯን የምታርመው የልብስ ሰፊው ልጅ፣ አዳራሹ ገብታ ማውሱን ከጠረጴዛው አንስታ ስክሪኑ ላይ ለጠፈችው። ምንም አልሆነም። እጇን ብታወጣ ፈታኙ መርዳት ክልክል ነው አላት። ሰዓቱ አለቀ። በር ላይ ስጠብቃት፣ "ቲቸር፣ መልሱን አውቀዋለሁ እኮ! የት እንደሚነካ ነው ያጣሁት" ብላ ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ወደቀች። ውጤቱ በተነገረ ማግስት አባቷ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሊሳደብ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ርዕሰ መምህሩን ቀስ ብሎ፣ "ጌታዬ፣ የልጄ ዓመት ተሰበረ። ከዚህ በላይ ምን እንዳይሰበር ነው የቆለፉት?" አላቸው።

ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ቁልፉን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። አቧራውን ጠርገን ስንሞክራቸው ጥቂቶቹ በሩ። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ተቀመጠች። "ልንካው?" አለችኝ። "ንኪው" አልኳት።

ወንጀላችን ይኸው ነው፣ ክቡር ሆይ። ክፍሉ አሁንም ክፍት ነው፤ እርሷም ደግማ እየተማረች ዘንድሮ ትፈተናለች። ይዘጋ የሚሉ ከሆነ ለእኔ መጻፍዎን ትተው መጥተው ለእርሷ ይንገሯት።

ለሰጡን ሁሉ፣ ይልቁንም ሰጥተው ለነሱን፣ እጅ እየነሣሁ፣ ከወንበርዎ የማይነቃነቅ ጤና የምመኝልዎ፣
የኮምፒውተር መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክፍሉን እንዲያሽግ የላኩት ባልደረባዎ ማስጠንቀቂያውን እዚሁ ክፍላችን ውስጥ በኮምፒውተር መጻፍ ስላልቻለ የጻፈችለት የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። "ጥፋተኛው" ከሚለው ቃል ቀጥሎ የማንን ስም ልጻፍ ብትለው መልስ ስላጣ ቦታውን ባዶ ትታዋለች። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ እባክዎ በእጅዎ ይሙሉት።