ወንበሩ የሐኪሙ ነው

ይድረስ ለእህቴ ለራሔል፣ ጂንካ።

ሰላምታዬ ከዚህ ቆላ ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ አንቺ ዘንድ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል ብዬ አልሰጋም፤ በሮቢት ሙቀት ጠቅልዬ ነው የምልከው። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ልዑልስ ጉንፋኑ ለቀቀው? ቤዛዊት ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ትስቃለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥቅምት ሲገባ የጣርማ በር ብርድ ቁልቁል ይወርዳል ሲሉን ነው የኖርነው፤ ዘንድሮም እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ማሾው እየተለቀመ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሆስፒታሉ ለትምህርት እንደመረጠሽ፣ ስትጨርሺ በሽተኛ ራስሽ መርምረሽ መድኃኒት እንደምታዢ፣ መልሱንም እስከ ኅዳር ሚካኤል እንደሚፈልጉት ጽፈሽልኛል። ደስ ብሏታል ብዬ ሳነብ፣ መጨረሻው ላይ፣ እትዬ፣ ነርስነቴ ቀርቶ ሐኪምም ሳልሆን ከሁለት ያጣ ብሆንስ ብለሽ ጨረስሽው። በስልክ ልመልስልሽ አስቤ ነበር፤ ግን ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ስይዝ አፌ ይያያዛል።

እኔን የጽዳት ሠራተኛዋን ስለዚህ ነገር መጠየቅሽ ገረመኝ። ንባብ የለመድኩት ከመድኃኒት ካርቶንና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ሆኖም በዚህ ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነርሶች የሚረግጡትን ወለል ስወለውል ኖሬአለሁና ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርሽ።

ሲስተር የሺን ታስታውሻታለሽ፣ አንቺ ተማሪ ሳለሽ ጓንት አጠላለቅ ያሳየችሽ። ያኔ ሥራዋ መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ነበር። አፍንጫዋ ጉድ ነው፤ ፋሻው ሳይፈታ ቁስሉ መሻር አለመሻሩን ትናገራለች። ከዚያ ሥልጠና በሥልጠና ላይ ወሰደችና የዛሬ ሦስት ዓመት የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍሉን ሰጧት። ጠረጴዛና ወንበር ያለው፣ በሩ ላይ ሐኪም የሚል የተጻፈበት ክፍል ነው። እንዴት እንደተለወጠች ልነግርሽ አልችልም። ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሻይ ቤት ትሄድ ጀመር። አንድ ቀን ቁስል እጠቢ ብለው ቢጠሯት፣ እሱ የነርስ ሥራ ነው አለች። ታዲያ አንቺ ምንድን ነሽ ልላት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት።

ባለፈው ነሐሴ ከጀውሃ ወዲያ የሚያርሱ ጋሼ ኡበይድ የሚባሉ ሽማግሌ ለስኳራቸው መጡ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ እኔ የመስኮቱን አቧራ እጠርግ ነበር። ሲስተር የሺ ካርዳቸውን ይዛ ስትቀመጥ ደንገጥ ብለው፣ ተነሽ ልጄ፣ ወንበሩ የሐኪሙ ነው፤ መጥቶ እንዳይቆጣሽ አሏት። የማክምዎት እኔ ነኝ ብትላቸው ሳቁ። ወላሂ ተጫዋች ነሽ፣ በይ እስኪመጣ አጫውቺኝ አሉ። እኔ ሳቄ አምልጦኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሷ ግን ፊቷ ቀላ። ቶሎ ቶሎ ግፊታቸውን ለካች፣ የስኳሩን ውጤት አየች፣ መድኃኒቱን ጽፋ ሸኘቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው፣ እዚያው በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ቁጭ አሉ።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ኮሪደሩን እየወለወልኩ ደረስኩባቸውና እግርዎን ያንሱልኝ አልኳቸው። ሲያነሱት ከቀኝ ጫማቸው ሥር እርጥብ ነገር ቀርቷል። ውኃ መስሎኝ ባብሰው መወልወያው መግልና ደም ይዞ ተነሣ። ሽታውንም አወቅሁት። ያምዎታል ወይ ብላቸው፣ ኧረ ምንም፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግሬ እንጨት ከሆነ ቆይቷል አሉ። ታዲያ ለምን ውስጥ ሳሉ አልተናገሩም አልኳቸው። ለሐኪሙ ልነግረው አይደል የተቀመጥኩት አሉኝ።

ራሔል፣ እኔ ሰው ፊት እንደማልናገር ታውቂያለሽ። ስኳር ያለበት ሰው እግር እንዲህ ሲሆን መጨረሻው መቆረጥ እንደሆነ ከግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብቤአለሁ። ከዚያ በሩን አንኳኩቼ፣ ሲስተር፣ ያንን አፍንጫሽን ይዘሽ ውጪልኝ አልኳት። መጀመሪያ ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። መወልወያውን አየችና ተነሣች። እርጥቡ ወለል ላይ ተንበርክካ ጫማቸውን በእጇ ፈታች። የግራር እሾህ የጫማውን ሶል በስቶ ገብቶ፣ እሳቸው ሳይሰማቸው ስንት ቀን ተራምደውበታል። ወደ ክፍሏ መልሳ አስገብታቸው ቁስሉን ራሷ አጠበች፣ እሾሁን አወጣች፣ መድኃኒቱን እንደገና ጻፈች፣ በየሁለት ቀኑም ይምጡ አለቻቸው። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? እጅሽ መልካም ነው ልጄ፣ ሐኪሙ ሲመጣ እነግርልሻለሁ። ያን ጊዜ እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ዕንባዋ መጣ።

ሌላ ቀን እጇን ስትታጠብ ጠብቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አሁን አንቺ ምንድን ነሽ አልኳት። አልተቆጣችም። ልጅ ሳለሁ ነርስ ማለት የታዘዘውን የሚፈጽም ይመስለኝ ነበር አለችኝ። ወንበሩን ሲሰጡኝ ደግሞ ሰው እንዲያምነኝ ነርሷን ደጅ ትቻት መግባት ያለብኝ መሰለኝ። ደጅ የቀረችው ናት እኮ ያንን እግር የምታውቀው። አሁንስ ብላት፣ እንጃ አሰገደች፣ ገና እየሆንኩ ነው አለች። ይኸ መልስ እስከዛሬ ይገርመኛል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት ገና እየሆንኩ ነው ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ዛሬ ወንበሯ አጠገብ ሳፋ አለ። የገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። የጀውሃ ሰዎች መስጊድ አደረግሽው እንዴ ይሏታል፤ የሮቢት እናቶች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ እያሉ ይከራከራሉ።

እንግዲህ እኔ ግቢበት ባይ ነኝ። ሲስተር ማለት እህት ማለት መሆኑን ከአንድ የተቀደደ መዝገበ ቃላት ቅጠል ላይ አንብቤ ብዙ ቀን ሲደንቀኝ ሰነበተ፤ አገር ሁሉ እህቴ ይልሻል ማለት ነው፣ ትምህርቱም ይህን አይወስድብሽም። ብቻ አደራ የምልሽ፣ መጀመሪያ ቀን ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ እጅሽ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እስክሪብቶው ይሁን ወደ ጓንቱ አስተውለሽ ጻፊልኝ። ማወቅ እፈልጋለሁ።

ለልዑል ሰላም በይልኝ፣ ጉንፋኑን ዝንጅብል ያባርርለታል። ቤዛዊትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ለእትዬ ራጂ ከጉልበታቸው ዝቅ ብዬ ሰላም ብያለሁ። ሲስተር የሺም ሰላም ብላሻለች።

ልረሳው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ ኡበይድ እግራቸው ድኖ በሁለት እግራቸው ቆመው መጡ። አንድ ፌስታል ማሾ ሰጡኝና ለሐኪሙ አድርሺልኝ አሉ። የትኛው ሐኪም ብላቸው፣ በአላዋቂነቴ ተገርመው አዩኝ። ያችው ነቻ፣ እግሬን የምታጥበው አሉኝ።

እህትሽ አሰገደች
ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.