የላይ አሸዋ ሰፈር አንቴና ሐምሌ ሳይገባ እንዲመለስ

ቀን፦ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሥራቅ ድምፅ ቴሌኮም አክሲዮን ማኅበር
የድሬዳዋ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በነዋሪዎች ጥያቄ የወረደው የሞባይል አንቴና ተመልሶ እንዲሰቀልና «አልተሟላም» የተባለው የፊርማ ማንሻ እንደ ተሟላ እንዲቆጠርልን ስለመጠየቅ

አመልካች፦ ወ/ሮ ሸዋገነት ጉግሳ፣ የላይ አሸዋ ሰፈር እድር ጸሐፊ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

የድሬ ሰው አንቱታ እንደማይሆንለት የታወቀ ነው፤ ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» እንላለን፣ የሚቀየመንም የለም። እኔ ግን አሥራ አራት ዓመት የእድር ደብዳቤ ስጽፍ ስለ ኖርኩ ለጽሕፈት ቤት የሚገባውን አክብሮት አውቃለሁ። በዚህ ማመልከቻ ውስጥ ከወጉ የወጣ ነገር ቢያገኙ ከድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ስሆን፣ ከፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪነት በጡረታ ተሰናብቼ ከደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ እኖራለሁ። ባለቤቴ አቶ ይሳቅ ኒቆዲሞስ በምድር ባቡር ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት ላሜራ ሲቀጠቅጥ ኖረ። ጡረታ ሲወጣም ማረፍ አልሆነለትም፤ መዶሻውን ይዞ ወንዙ አሸዋ ላይ ወረደና በአንዲት ዳስ ሥር የከሰል ምድጃ መሥራት ጀመረ። ጋራዡ ጆሮውን ወስዶበት ነበር። አጠገቡ ቆመው ካልጮኹበት አይሰማም። ቤት ውስጥ የምንግባባው በእጅና በዓይን ነበር፣ ስንጣላም ጭምር።

2. አሸዋው በበጋ ገበያችን ነው። በክረምት ግን እኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ የዘነበው በጎርፍ ይመጣል፤ የ1998ቱን ያየ የድሬ ሰው ይህን ሊነገረው አያሻም። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ሰው አንድ ዘዴ ያዘ፦ ላይ ተራራው ላይ ዘመድ ወይም ደንበኛ ያለው ሰው፣ ዝናብ ሲጥል ይደወልለታል። የእኛ ደዋይ ራሕማ ናት፤ ከደንገጎ በታች፣ ተራራው ላይ የምትኖር፣ ለዓመታት ወተት ታመጣልኝ የነበረች ሴት። ዝናቡ ሲከብድ ትደውልና «ሸዋዬ፣ ሎላ! ሎላ መጣልሽ!» ትለኛለች፤ በኦሮምኛ ጎርፍ ማለቷ ነው። ሰላምታ እንኳ የላትም፣ ትዘጋዋለች። እኔ ወዲያው ለሁለት ሰው እደውላለሁ። አንደኛዋ አሸዋው ላይ የሕፃናት ልብስ የምትሸጠው ዐስሊ ናት፤ ድምፅዋ ለሰፈር ይተርፋልና ገበያውን በሙሉ ታስነሣለች። ሁለተኛው ይሳቅ ነበር። ይሳቅ ስልክ አያነሣም፣ ቢያነሣም አይሰማም። ስልኩን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ይይዘዋል፤ ሲንቀጠቀጥበት መዶሻውን ያስቀምጥና ይወጣል። እኔም ለሌላ ጉዳይ አልደውልለትም ነበር፣ እንዳይሳሳት። ጎርፉ ከራሕማ ደጅ እኛ ዘንድ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ለመውጣት ከበቂ በላይ ነው።

3. ይህ ሁሉ የሚሠራው በሰፈራችን በተከላችሁት ታወር ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ስለ ታወሩ ወሬ ተነሣ። ራሱን የሚያመው ሁሉ ሕመሙን በታወሩ አሳበበ። የአንዲት ጎረቤት ዶሮ ቅርፊት የሌለው ዕንቁላል ጣለች። እርግቦቹ ከመስጊዱ ጣሪያ ላይ ጠፉ። ጨረር ሰው ይገድላል የሚል ቪዲዮ በየስልካችን ተላላክን፤ ቪዲዮውን ያመጣልን ያው ታወሩ መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም። ነገሩ በእድር ስብሰባ ላይ ሲቀርብ ሰብሳቢው አቶ ሞሐሙድ «በሉ፣ ጸሐፊያችን ትጻፈው፣ የሷ ብዕር ተራራ ያንቀሳቅሳል» አሉ። ጻፍኩ። «ጨረር» የሚለውን ቃል ዘጠኝ ጊዜ ተጠቀምኩበት። ጽሕፈት ቤትዎ ልኬቱ ከተፈቀደው በታች መሆኑን ገልጾ ሲመልስልኝ እንደ ስድብ ቆጥሬ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጻፍኩ። በሦስተኛው ላይ የ143 ነዋሪዎች ፊርማ አያያዝኩ። አሰባሰቡ በእድራችን ወግ ነበር፤ መዝገቡ ይጠራል፣ የተጠራው ይፈርማል። በእድር ፊት «አልፈርምም» ማለት «ቀብሬ ላይ አትምጡ» እንደ ማለት ስለሚቆጠር፣ ከተገኘው ሰው እምቢ ያለ አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን።

4. ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ሠራተኞችዎ መጥተው አንቴናዎቹን አወረዱ፤ ብረቱ ብቻ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሰፈሩ አጨበጨበ። አቶ ሞሐሙድ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ፤ ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። በማግስቱ ስልኮቻችን ዝም አሉ። መደወል የፈለገ ኔትወርክ ወዳለበት ድልድዩ ድረስ መውጣት ነበረበት። «ይለመዳል» ተባባልን፣ ተለመደም። ለራሕማ ግን ማንም አልነገራትም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሐምሌ አለፈ።

5. ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከተማው ላይ ጠራራ ፀሐይ ነበር። ራሕማ ደወለች። ኋላ ለለቅሶ ስትመጣ «ማግኘት አይቻልም፣ ማግኘት አይቻልም ይለኛል፤ ወላሂ ጣቴ እስኪደነዝዝ ነካካሁት፣ ምን አጠፋሁ?» ብላኛለች። ምንም አላጠፋችም። እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ተቀምጬ የእድሩን መዝገብ እገለብጥ ነበር፤ ስልኬም ጠረጴዛው ላይ፣ እጄ አጠገብ ነበር።

የጎርፉን ድምፅ መጀመሪያ የሰማችው ዐስሊ ናት። ጮኸች፣ ገበያው ተነሣ፣ ሰው ሁሉ ዕቃውን እየጣለ አፋፉ ላይ ወጣ። የቀረውን በራሷ ቃል ላስፍር፣ ለፖሊስም የሰጠችው ይኸው ነው፦ «ይሳቅ! ይሳቅ! አልኩት፣ አልሰማም። ጀርባውን ሰጥቶ ይቀጠቅጣል። ድንጋይ ወረወርኩበት፣ ሳይደርስ ወደቀ። ሁለተኛ ሳነሣ አሸዋው ራሱ አልነበረም።» እኔ ስደርስ ዳሷ የነበረችበት ቦታ ውሃ ነበር። ከእሱ በቀር የሞተ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ከከተማው በታች ተገኝቶ ቀበርነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ዘመድ ለማርዳት በጎርፉ ማግስት ድልድዩ ላይ ስወጣ የራሕማ ጥሪዎች ማስታወቂያ ተከታትሎ ገባ። አነበብኩትና ወደ ወንድሜ ደወልኩ። ያን ቀን አላለቀስኩም፣ እስከ ዛሬም አላለቀስኩም። ሰዎች «ጽናቷን ተመልከቱ» ይላሉ። ጽናት አይደለም፤ የሆነ ነገሬ ተኝቷል፣ የተኙበት እጅ እንደሚደነዝዘው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ መዋጮ እሰበስባለሁ።

6. አንቴናው እንዲመለስ ሚያዝያ ላይ ላቀረብኩት ማመልከቻ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ መልስ ተሰጥቶኛል። መልሱም አንቴናው የወረደው በነዋሪዎች የጽሑፍ ጥያቄ ስለሆነ፣ ሊመለስ የሚችለው የፈረሙት 143 ሰዎች እያንዳንዳቸው ቅርንጫፉ ድረስ ቀርበው ፊርማቸውን ሲያነሡ ነው ይላል። ከባድ ቢሆንም ተገቢ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ቤት ለቤት ዞርኩ። ቤት ቀይረው ወደ መጋላ ሰፈር የገቡትን እዚያው ድረስ ሄጄ አገኘሁ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩትን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አንዳንዱ አፍሮ መጣ፣ አንዳንዱን በባጃጅ ጭኜ አመጣሁት። አንድ ሰው ብቻ «አሁን ደግሞ ጨረሩ ጠፋ?» ብሎ አሾፈብኝ፤ እሱም በሳምንቱ መጥቶ ፈረመ። እኔን ጨምሮ 142 ሰው አንሥቷል።

7. የቀረው በተራ ቁጥር 12 የሰፈረው ይሳቅ ኒቆዲሞስ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ለመስኮት ቁጥር 3 ሠራተኛ አቀረብኩ። ሠራተኛው ወረቀቱን በአክብሮት ተቀብሎ አነበበ፣ «እግዜር ያጥናሽ እናቴ» አለኝ፣ በተራ ቁጥር 12 ትይዩም «አልቀረበም» ብሎ ጻፈ። ሳስረዳውም ሟች በሕይወት ሳለ ፈቅዶ የፈረመውን ሌላ ሰው፣ ሚስትም ብትሆን፣ ልታነሣው እንደማትችል፣ የሟች ፈቃድ እንደ ጸና እንደሚኖር ነገረኝ። ፋይሉ በዚህ ምክንያት ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። በሠራተኛው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ መመሪያውን ነው ያነበበልኝ።

8. ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህንን አንቀጽ ለመጻፍ አሥር ወር ፈጅቶብኛል። በተራ ቁጥር 12 ላይ ያለው ፊርማ የይሳቅ አይደለም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

በእድራችን ልማድ ከባልና ሚስት አንዱ ከስብሰባ ቢቀር የመጣው ለሁለቱም ይፈርማል። ለድንኳን ግዥም ለአዲስ አባልም እንዲሁ ነው፣ ውክልና የሚጠይቅ የለም። እኔም በዚሁ ልማድ ልሸፈን እችል ነበር። ነገር ግን ይሳቅ የቀረው ሥራ በዝቶበት አልነበረም። ከስብሰባው በፊት ደብዳቤውን አሳይቼው፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ከዚያ ጣቱን ሸሚዙ ኪስ ላይ አድርጎ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ፣ ራሱንም ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ሠላሳ ዓመት በእጅና በዓይን ስንነጋገር የኖርን ሰዎች ነን፤ ምን እንዳለኝ በደንብ ገብቶኛል። «የጸሐፊዋ ባል ሳይፈርም ቀረ» እንዳልባል ብዬ ስሙ ሲጠራ ፈረምኩለት።

አንቴናው በወረደ ማግስት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ተመለከተው። ማን ፈረመልኝ ብሎ አልጠየቀኝም፣ ፊቱንም አላጠቆረብኝም። ቻርጅ አድርጎ መልሶ ኪሱ ከተተው። እስከዚያች ቀን ድረስ በየጠዋቱ እንደዚሁ ያደርግ ነበር።

በለቅሶው ሰሞን ጎረቤቶቼ «እሱም እኮ ፈርሟል፤ የራሱ ፈቃድ ነው፣ ራስሽን አትክሰሽ» እያሉ አጽናኑኝ። ሳላርማቸው ተቀበልኳቸው። አሥር ወር ሙሉ በዚህ መጽናኛ ተደግፌ ኖሬአለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቀርብኛል። የመስኮት ቁጥር 3 ሠራተኛ ያለው ልክ ነው። የሟች ፈቃድ አይነሣም። የሟች ፈቃድ ግን ታወሩ ባለበት እንዲቆይ ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) በተራ ቁጥር 12 ያለው ፊርማ የእኔ የእጅ ጽሑፍ መሆኑ ታውቆ፣ እኔው በግንባር ቀርቤ እንዳነሣው እንዲፈቀድልኝና 143ቱም ተሟልተዋል ተብሎ እንዲመዘገብ፤ ለማመሳከሪያ ይሳቅ በጡረታ ደብተሩ ላይ የፈረመውን ፊርማ ቅጂ አያይዣለሁ፤

ለ) አንቴናው ሐምሌ ሳይገባ እንዲሰቀል፤ ዐስሊ ዛሬም እዚያው አሸዋው ላይ ናት፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወርደው ልብስ ይለካሉ። ራሕማም ወደ ከተማ በወረደች ቁጥር «ታወሩ ተመለሰ?» እያለች ትጠይቀኛለች፤

ሐ) የሌላን ሰው ፊርማ መፈረም በሕግ የሚያስጠይቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ጉዳዬ ለሚመለከተው አካል ቢመራ ተቃውሞ የለኝም። በተጠራሁበት ቀን እቀርባለሁ። የአንቴናው ሥራ ግን የእኔን ጉዳይ እንዳይጠብቅ እለምናለሁ።

እስከዚህ ላነበቡልኝ ከምስጋናና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ሸዋገነት ጉግሳ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የሞት ምስክር ወረቀት ቅጂ አንድ ገጽ፣ የጡረታ ደብተር ቅጂ አንድ ገጽ፣ የ142 ነዋሪዎች ፊርማ ማንሻ ስድስት ገጽ

ግልባጭ፦
ለላይ አሸዋ ሰፈር እድር፣ በመጪው ስብሰባ በጸሐፊዋ ለአባላቱ እንዲነበብ