ያልጠቆረው ድንች

ሰኞ፣ ሸነን አካባቢ
ድንቹ አልጠቆረም። ሦስቴ አዮዲን ጠብ አደረግኩበት፣ ያው ነጭ ነው። አዮዲኑ አርጅቶ ውሃ ሆኗል። ከአምቦ ለቁጥጥር መጥቼ የማያቸው የዘጠነኛ ክፍል የተግባር ፈተና ወረቀቶች ግን «ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ» ይላሉ፤ ማርኩ ከሃያ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። ከአንዲት ልጅ በቀር። ሌንሳ «ቀለሙ አልተለወጠም» ብላ አራት አግኝታለች። ያየችውን የጻፈች እሷ ብቻ ናት።

አስጠርቻት አብረን ሞከርነው። «ልክ ነሽ» አልኳት። ፊቷ በራ።

መምህሯ ኦቦ ገመቹ ነው። አምቦ አብረን ያስተማርን፣ ወንድሜ የምለው ሰው። በየስልጠናው «የተግባር ምዘና እንደ ገመቹ» እያልኩ ሳስመሰግነው የኖርኩት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ
ምሳ ላይ ነገርኩት። ከሪፖርት ከሚያነበው ከእኔ ይስማው ብዬ ነው። የሌንሳንም ነገር አልደበቅኩም። ሳቀ። «መጽሐፉ ይጠቁራል ካለ ይጠቁራል» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ነገ አስተካክለዋለሁ እህቴ፣ አታስቢ» አለኝ። ቀለለኝ።

የቀረኝ፦ ወረቀቶቹን ፎቶ ማንሳት፣ የቤተ ሙከራውን ዕቃ መዝገብ ማየት፣ ጫማዬን ማሰፋት።

ረቡዕ
አስተካክሎታል! የሌንሳ ወረቀት አዲስ ነው። በራሷ እጅ «ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ» ይላል። ማርክ አሥራ ስምንት። አሮጌው ወረቀት የለም። ሰኞ ዕለት ፎቶ ብታነሺው ምን ነበረበት፣ አንቺ ሞኝ!

«ልጅቷ ማርክ አገኘች፣ ያንቺም ሪፖርት ንጹሕ ሆነ። ማን ተጎዳ?» አለኝ ገመቹ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። 

ሌንሳን በር ላይ አገኘኋት። አልፋኝ ሄደችና መለስ አለች። «ቲቸር፣ አብረን አይተን አልነበር? ለኦቦ ገመቹ ለምን ነገሯቸው?»  እኔን ገመቹ ከዳኝ፣ እሷን ደግሞ እኔ።

ሐሙስ፣ አምቦ
ሪፖርቱን ጻፍኩ። ያረጀውን አዮዲን፣ የተቀየረውን ወረቀት፣ የገመቹን ስም።  ማስረጃ የለኝም፣ የእኔና የአንዲት ተማሪ ቃል ብቻ ነው።

ኃላፊዬ አነበበና «ወረቀቱ እንደሚታይ መምህሩ በምን አወቀ?» አለኝ። ለገመቹ አስቀድሜ መንገሬን ሪፖርቱ ላይ ዘልዬው ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ «እኔ ነግሬው» ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ።

ገመቹ ሁለቴ ደወለ። አላነሳሁም። እኔ እዚህ አምቦ ስልክ ባላነሳ ማንም አይነካኝም። ሌንሳ ግን እስከ ሰኔ የእሱ ተማሪ ናት።